ብቸኛ አይደለም፤ ታዲያ አካፋዩ ማን ነው?

147,573,952,589,676,412,927 ሃያ አንድ አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ አወጣጡ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ስልሳ ሰባት ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝቶ ከውጤቱ ላይ 1 መቀነስ ነው። በሒሳብ ምልክት 2⁶⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎች ማንሳት ይቻላል። ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም ወይ? ብቸኛ ካልሆነስ አካፋዮቹ እነማን ናቸው? አንድ ሰው አካፋዩን አገኘሁ ብሎ ቢመጣ እውነት መናገሩ በምን ይታወቃል? በትምህርት ቤት ሦስቱን እንደ አንድ ጥያቄ ለምደናቸዋል። 91 ብቸኛ አለመሆኑን የምናውቀው 7 ጊዜ 13 መሆኑን ስላየን ነው፤ መልሱ፣ ምክንያቱና ማጣሪያው በአንድ መስመር አብረው ይመጣሉ። እኔ የምከራከረው ይህ አብሮ መምጣት የትናንሽ ቁጥሮች ዕድል እንጂ የነገሩ ባሕርይ አለመሆኑን ነው። ሦስቱ ጥያቄዎች ሦስት የተለያዩ እውቀቶችን ይጠይቃሉ፤ ዋጋቸውም እጅግ የተራራቀ ነው። ማስረጃዬ ይኸው ቁጥር ነው። ከ1876 እስከ 1903 ድረስ (ሌላ ካልተባለ በቀር በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ቁጥሩ ብቸኛ እንዳልሆነ በስሌት ታውቆ ሳለ አንድም አካፋዩን ያሳየ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩን በታሪክ ያስመዘገበው አንድ ስህተት ነው። ማረን መርሴን (1588–1648) በፓሪስ ይኖር የነበረ የሚኒም ማኅበር መነኩሴ ነው። የሳይንስ መጽሔት ገና ባልተጀመረበት ዘመን ከዴካርት፣ ከፌርማና ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ስለነበር፣ የአንዱ ግኝት ለሌላው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በእሱ ደብዳቤ በኩል ነበር። በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው የሁለቶቹ ብዛት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 ወይም 257 ሲሆን ነው፤ እስከ 257 ድረስ ሌላ የለም ሲል ጻፈ። ፍላጎቱ ከጥንት የመጣ ነው። ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ መልሰው ራሱን የሚሰጡ ቁጥር ፍጹም ቁጥር ይባላል፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ 28 ደግሞ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14። 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ፣ ዩክሊድ ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፣ በ2⁶⁶ ሲባዛ አዲስ ፍጹም ቁጥር ይወልድ ነበር። ነገር ግን የመርሴን ዝርዝር አምስት ቦታ ላይ ስቷል። 67 እና 257 ሊገቡ የማይገባቸው ናቸው፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ቀርተውበታል። የ61ን ብቸኝነት በ1883 ያረጋገጠው ኢቫን ፔርቩሺን የሚባል ሩሲያዊ ቄስ ነው፤ 89 እና 107 እስከ 1911 እና 1914 ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው። አንዳንዶች 67 የተባለው የአታሚ ስህተት ነው፣ መርሴን ሊጽፍ የፈለገው 61 ነበር ብለው ሊከላከሉለት ሞክረዋል። ቅንነት ያለበት ግምት ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን፣ በስህተት የገባውንም 257 ግን አያብራራም። ሃያ አንድ አሃዝ ያለውን ቁጥር በ1644 አካፍሎ መጨረስ እንዳልቻለ ግልጽ ነው። ያቀረበው ግምት ነበር፤ ግምቱ ግን ለሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት ብዙ ብርቱ ሰዎችን ሥራ ላይ አውሏል።

ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ ለማየት ቀጥተኛውን መንገድ መሞከር ነው። ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ከ1 የሚበልጠው ትንሹ አካፋይ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ አይበልጥም፤ ስለዚህ ፍለጋው በእኛ ቁጥር ላይ እስከ 12 ቢሊዮን ከ148 ሚሊዮን ድረስ ሊሄድ ይችላል። እዚህ ላይ ፌርማ በ1640 ለመርሴን በጻፈው ደብዳቤ ያሳወቀው ሕግ ትልቅ እፎይታ ይሰጣል። አካፋዩ ብቸኛ ቁጥር ነው እንበል። 2⁶⁷ ለእሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ይህ ማለት ሁለቶች በተከታታይ እየተባዙ የሚገኙት ቁጥሮች ለዚህ አካፋይ ሲካፈሉ ቀሪዎቻቸው በየስልሳ ሰባቱ እርምጃ ወደ 1 ይመለሳሉ ማለት ነው። 67 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ከዚያ ባጠረ ዙር ሊመለሱ አይችሉም። ፌርማ ደግሞ ይህ ዙር የግድ ከአካፋዩ ላይ 1 ተቀንሶ የሚገኘውን ቁጥር ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል ያውቃል። አካፋዩም ጎዶሎ ቁጥር ስለሆነ ውጤቱ ይህ ነው፦ የ2⁶⁷ − 1 አካፋይ ሁሉ የ134 ብዜት ሲደመር 1 ነው። ሌላም ማጥበቢያ አለ። 2⁶⁷ ቀሪው 1 ከሆነ 2⁶⁸ ቀሪው 2 ነው፤ 2⁶⁸ ደግሞ 2³⁴ በራሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ስለዚህ በአካፋዩ ዓለም ውስጥ፣ ማለትም ለእሱ ሲካፈሉ የሚቀሩትን ብቻ ስናይ፣ 2 ራሱ የሌላ ቁጥር ካሬ ሆኗል፤ ይህ የሚሆነው ደግሞ ለ8 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 7 ለሆኑ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ነው። ቁጥሩን አንዴ እንኳ ሳናካፍል፣ ስለማናውቀው አካፋይ ይህን ያህል አወቅን። ፌርማ በዚሁ መንገድ 2³⁷ − 1ን ሲመረምር የ74ን ብዜቶች እየወሰደ 1 ጨመረ፤ 75፣ ከዚያ 149፣ ሦስተኛው 223 ነው፤ 223 አካፋዩ ሆኖ ተገኘ። በ67 ግን ዕድሉ ተገላበጠ። ሁለቱን ሕጎች ተጠቅመን እንኳ እስከ 12 ቢሊዮኑ ድረስ ወደ 45 ሚሊዮን የሚጠጉ እጩዎች ይቀራሉ፤ ከእነሱ ውስጥ በትናንሽ ቁጥሮች የሚካፈሉትን ብንጥልም የቀረው ለወረቀትና ለእርሳስ የማይቻል ነው።

ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካ በ1876 ያመጣው ነገር ከዚህ ፍለጋ ሙሉ በሙሉ የተለየ ነው። ሉካ አካፋይ አይፈልግም። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ የግድ መከሰት የሚገባውን አንድ ክስተት ለይቶ፣ ተከስቷል ወይስ አልተከሰተም ብሎ ይጠይቃል። ዴሪክ ሌመር በ1930ዎቹ አካባቢ አጥርቶ ባስቀመጠው መልክ ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ4 ይነሳሉ፤ ያለውን ቁጥር በራሱ አባዝተው 2 ይቀንሳሉ፤ ውጤቱን ለሚመረመረው ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይይዛሉ፤ ይህንም ከሁለቶቹ ብዛት በሁለት ባነሰ ቁጥር ይደጋግማሉ። መጨረሻው 0 ከሆነ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። 31 አምስት ሁለቶች ተባዝተው 1 የተቀነሰባቸው ነው፤ ስለዚህ ሦስት ጊዜ እንደግማለን። ከ4 ወደ 14፣ ከ14 ወደ 194፣ 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8፣ ከ8 ወደ 62፣ 62 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 0። 31 ብቸኛ ነው። 2047 ደግሞ ከአሥራ አንድ ሁለቶች የተገኘ ስለሆነ ዘጠኝ ጊዜ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ቀሪዎቹ በተራ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282 እና 1736 ናቸው። የመጨረሻው 0 አይደለም፤ ስለዚህ 2047 ብቸኛ አይደለም። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲቆም እለምናለሁ። በዘጠኙ ቀሪዎች ውስጥ 23 ወይም 89 የሚል ነገር የትም አልወጣም፤ 2047 ግን 23 ጊዜ 89 ነው። ስሌቱ አካፋዮቹን ሳያይ፣ ሳይጠቁም፣ መኖራቸውን ብቻ አወቀ። ለ2⁶⁷ − 1 የሚያስፈልገው ስልሳ አምስት እርምጃ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ሃያ አንድ አሃዝን በሃያ አንድ አሃዝ ማባዛትና ማካፈል ስለሆነ አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥተኛ ሰው በእጁ ሊጨርሰው ይችላል። አርባ አምስት ሚሊዮን እጩ ወደ ስልሳ አምስት እርምጃ ወረደ። ሉካ በራሱ መንገድ ሠርቶ ያገኘው መልስ 0 አልነበረም፤ የመርሴን ዝርዝርም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደ። በነገራችን ላይ በሦስት ዘንጎች መካከል ቀለበቶችን የማዘዋወሩን፣ የሃኖይ ግንብ የሚባለውን ጨዋታ በ1883 ያወጣው ይኸው ሉካ ነው፤ ስልሳ ሰባት ቀለበቶች ቢኖሩት ለመጨረስ የሚያስፈልገው ትንሹ የእርምጃ ብዛት በትክክል ይህ ቁጥራችን ነው። በየሰከንዱ አንድ እርምጃ ቢሄዱ ከ4.6 ትሪሊዮን ዓመት በላይ ይወስዳል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ የሚያነሳው ተቃውሞ ክብደት አለው። አካፋዩ ካልታየ ምን ታወቀ? ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም ማለት አካፋይ አለው ማለት ነው፤ አለ የተባለውን ማሳየት ያልቻለ ሰው አውቃለሁ ሊል ይገባዋልን? ለዚህ ተቃውሞ ሁለት መልስ አለኝ፤ ሁለተኛው ለተቃዋሚው ያደላል። በመጀመሪያ፣ የሉካ መደምደሚያ ግምት አይደለም። እንደ 2⁶⁷ − 1 ባለ መልክ የተሠራ ብቸኛ ቁጥር ይህን ፈተና የግድ እንደሚያልፍ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ያላለፈ ብቸኛ ሊሆን አይችልም። አካፋዩን ያለማሳየቱ ጉድለት የመደምደሚያውን እርግጠኝነት አይነካም። ፈተናውን መምረጥም ጥበብ ይጠይቃል። ለምሳሌ ፌርማ ያወቀው ሌላ ፈተና አለ፦ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር፣ ከእሱ በ1 ባነሰ ቁጥር ልክ ሁለቶች ተባዝተው ለእሱ ሲካፈሉ፣ ቀሪው 1 ይሆናል፤ ከቁጥሩ 2 ራሱ በስተቀር። ይህን 2⁶⁷ − 1 ላይ ብንሞክር ያልፋል፤ 2047ም ያልፋል። ሁለቱም ከሁለቶች የተሠሩ ስለሆኑ 2 በእነሱ ላይ ታማኝ ምስክር አይደለም። በ2 ፈንታ 3ን ብንጠራ 2047 ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህ "ፈተናውን አለፈ" እና "ብቸኛ ነው" የሚሉት አንድ አይደሉም፤ የሉካ ፈተና ዋጋው ማለፍም መውደቅም ሁለቱም ቁርጥ ያለ ትርጉም ያላቸው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ማረጋገጫው ትክክል ቢሆንም ስሌቱ የተሠራው በሰው እጅ ነው። ከስልሳ አምስቱ እርምጃዎች በአንዱ ላይ አንድ አሃዝ ቢሳት ከዚያ በኋላ ያለው ቀሪ ሁሉ ይበላሻል፤ የተበላሸ ስሌት መጨረሻው በአጋጣሚ 0 የመሆን ዕድሉ ከቁጥር የማይገባ ነው። እንግዲህ ስህተት የሚያደላው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ የተሳሳተ ሰው የሚያገኘው መልስ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን "ብቸኛ አይደለም" የሚል ይሆናል። በ0 የተጠናቀቀ ስሌት ራሱን በራሱ ይመሰክራል፤ በሌላ ቀሪ የተጠናቀቀ ግን ከእውነተኛ ውድቀትና ከተራ ስህተት የቱ እንደሆነ አይናገርም። ይህ ስጋት የእርሳስ ዘመን ስጋት ብቻ አይደለም። ዛሬ የመርሴን ቁጥሮችን በኮምፒውተር የሚፈልጉት ፈቃደኞች ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱን የወደቀ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲመረምሩና የሁለቱን የመጨረሻ ቀሪ ሲያስተያዩ የኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የሉካ እውቀት እውቀት ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ሥራውን በሙሉ እንደገና መሥራትን የሚጠይቅ እውቀት ነበር።

ይህን የለወጠው አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል (1861–1926) ነው። ኮል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰርና የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። ኦክቶበር 31 ቀን 1903፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 20 ቀን 1896 ዓ.ም.፣ ኒው ዮርክ ላይ በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ስለ ትላልቅ ቁጥሮች አካፋይ የሚያትት ጽሑፍ አቀረበ። በታወቀው ትረካ መሠረት አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ በሰሌዳው አንድ ወገን 2ን እየደጋገመ እስከ 67 አባዝቶ 1 ቀነሰ፤ በሌላው ወገን 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዛ፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ፤ ወደ መቀመጫውም ሲመለስ አዳራሹ አጨበጨበ። ትረካውን ያቆየልን ኤሪክ ቴምፕል ቤል ነው፤ ሥራው ስንት ጊዜ እንደወሰደበት ኮልን ጠይቄው የሦስት ዓመት እሑዶች ብሎኛል የሚለውም እሱ ነው። ቤል የሒሳብ ሊቃውንትን ታሪክ ሲያወጋ ማሳመር ይወድ ስለነበር ዝምታውንና ጭብጨባውን ያለ ጥርጥር መቀበል አይገባም። የሚያስፈልገን ግን ቲያትሩ አይደለም። የኮል ጽሑፍ በዚያው ዓመት መጨረሻ በማኅበሩ መጽሔት ታትሟል፤ ሁለቱ ቁጥሮችም ማንም ሰው ሊያባዛቸው በሚችልበት ሁኔታ እነሆ አሉ።

ኮል እሑዶቹን ያጠፋው ዕድል እየሞከረ አልነበረም። 2 በአካፋዩ ዓለም ውስጥ ካሬ መሆኑ ግማሹን እጩ እንደጣለልን ከላይ አይተናል። ይህንኑ ለሌሎች ቁጥሮች ማድረግ ይቻላል። አንድን ቁጥር በራሱ አባዝተን ከውጤቱ ላይ የ2⁶⁷ − 1ን ብዜት ስንቀንስ ትናንሽ አካፋዮች ብቻ ያሉት ቀሪ ካገኘን፣ ያ ቀሪ በማናውቀው አካፋይ ዓለም ውስጥ የካሬ ቀሪ ነው። ብዙ እንዲህ ያሉ ቀሪዎችን አጠራቅመን እርስ በርስ ስናጣራቸው ስለ 3፣ ስለ 5፣ ስለ 7 እና ስለሌሎችም ትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች በተናጠል ፍርድ እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ፍርድ ከቀሩት እጩዎች ግማሽ ያህሉን ይጥላል። የኮል ወንፊት የተሠራው ከእንዲህ ዓይነት የካሬ ቀሪዎች ነው። አካፋዩ እስኪገኝ ድረስ ሳይታይ ባሕርዩ ብቻ እየጠበበ መጣ ማለት ነው። ይህ በሉካና በኮል መካከል ያለውን ርቀት በደንብ ያሳያል። ለሉካ ጥያቄ አንድ የተወሰነ የእርምጃ ብዛት ያለው መንገድ ነበር፤ ስልሳ አምስት ብሎ ጀምሮ በስልሳ አምስት ይጨርሳል። ለኮል ጥያቄ ግን መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ የሚነግር መንገድ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ማጣራቱ፣ ከሁለቱ ጋር ሲነጻጸር ዋጋ የለውም ሊባል ይችላል። ዘጠኝ አሃዝን በአሥራ ሁለት አሃዝ ማባዛት ለጎበዝ ተማሪ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም። ማባዛቱን ሳንጀምር ፈጣን ፍተሻ ማድረግም ይቻላል። የ193,707,721 አሃዞች ድምር 37 ነው፤ የ761,838,257,287 ደግሞ 64፤ ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው። የትልቁ ቁጥር አሃዞች ድምር 109 ሲሆን እሱም ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው፤ ይስማማል። ከአካፋዮቹ 1 ብንቀንስና ለ134 ብናካፍል 1,445,580 እና 5,685,360,129 ያለ ቀሪ ይወጣሉ፤ ፌርማ ያዘዘው ተፈጸመ። ለ8 ሲካፈሉም ቀሪያቸው አንዱ 1 ሌላው 7 ነው። የ37ቱን አካፋይ በሦስተኛው ብዜት ያገኘው ፌርማ፣ በ67 ላይ ወደ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ አርባ አምስት ሺህ አምስት መቶ ሰማንያኛው መሄድ ነበረበት። ሁለቱ አካፋዮች ራሳቸው ብቸኛ ናቸው ወይ የሚለውም ቢሆን አያስቸግርም። የእነሱ አካፋይ የ2⁶⁷ − 1ም አካፋይ ስለሚሆን ያው የ134 ሕግ ይገዛዋል፤ ለትንሹ 103፣ ለትልቁ 6,513 እጩዎችን ብቻ ማየት ይበቃል። ሁለቱም ብቸኛ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን የሚያፈርስ ሌላ መንገድ የለም።

አሁን ሌላ ተቃዋሚ ይነሳል። ዛሬ ተራ ኮምፒውተር ይህን ቁጥር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይፈታዋል፤ ታዲያ የሦስቱ ዋጋ ተራራቀ የሚባለው የማሽን እጥረት እንጂ ሌላ ምንድን ነው? እውነት ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ሲበረታ ርቀቱ ይጠብ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በዚሁ ርቀት ላይ የቆመ የምስጢር መጻፊያ ዘዴ አወጡ፤ ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማግኘትና ማባዛት ቀላል ነው፣ ብዜታቸውን አይቶ መልሶ መለየት ግን አይቻልም ማለት ይቀላል። ለፈተና ያቀረቡት ባለ 129 አሃዝ ቁጥር የተፈታው በ1994 ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮቻቸውን በኢንተርኔት አስተባብረው። በ2020 ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ተፈታ፤ የፈጀው ስሌት በአንድ ፕሮሰሰር ኮር ቢሠራ ወደ 2,700 ዓመት የሚወስድ ነበር። በሌላ ወገን ብቸኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ እንመልከት። በ2002 አግራዋል፣ ካያልና ሳክሴና የተባሉ ሦስት የሕንድ ተመራማሪዎች ማንኛውም ቁጥር ብቸኛ መሆኑንና አለመሆኑን፣ አሃዞቹ ሲበዙ ጊዜው በልክ እያደገ፣ ያለ ምንም ግምት መወሰን እንደሚቻል አረጋገጡ። በ2024 ደግሞ 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 የተቀነሰባቸው ቁጥር ብቸኛ ሆኖ ተገኘ፤ አሃዞቹ 41,024,320 ናቸው። ንጽጽሩን ከልክ በላይ ማጋነን አልፈልግም፤ የመርሴን ቁጥሮች የሉካን ልዩ ፈተና የሚቀበሉ ስለሆኑ ዕድለኞች ናቸው፤ ተራ ቁጥር አርባ አንድ ሚሊዮን አሃዝ ቢኖረው ብቸኝነቱን ማረጋገጥ አይታሰብም። ነገር ግን ለተራ ቁጥርም ቢሆን በሺዎች የሚቆጠሩ አሃዞች ያሉትን መወሰን የተለመደ ሥራ ነው፤ ከሁለት ተቀራራቢ ብቸኛ ቁጥሮች የተሠራን ባለ 617 አሃዝ ቁጥር መፍታት ግን እስከ ዛሬ የተሳካለት የለም። ማሽኑ ሦስቱንም አፋጥኗል፤ የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ግን ከሁለተኛው እጅግ አስበልጦ።

የሚቀረው ተቃውሞ ከሁሉም የጠለቀ ነው፤ መልስም የለኝም፣ ልሸሸውም አልችልም። አካፋይ መፈለግ በእርግጥ ከባድ መሆኑን ማን አረጋገጠ? ማንም። እስካሁን ያለው ሁሉ ብዙ ብልህ ሰዎች ፈጣን መንገድ ፈልገው አለማግኘታቸው ነው፤ አለማግኘት ደግሞ አለመኖር አይደለም። ይባስ ብሎ ፒተር ሾር በ1994 በኳንተም ኮምፒውተር ላይ ቢሠራ አካፋይን በፍጥነት የሚያገኝ ዘዴ አሳይቷል፤ ለዚያ የሚበቃ ማሽን ግን ገና አልተሠራም። ስለዚህ ክርክሬን በልኩ ማቆም አለብኝ። ሦስቱ ጥያቄዎች ለዘላለም ተራርቀው እንደሚኖሩ አላረጋገጥኩም። ያረጋገጥኩት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ነው፤ ለዚህ ደግሞ በአንድ ቁጥር ላይ አንዱ ተመልሶ ሌላው ለሃያ ሰባት ዓመታት ሳይመለስ መቆየቱ ይበቃል። አንድ ቀን ፈጣን መንገድ ቢገኝ እንኳ የሉካ ስሌት አካፋይ ሳያሳይ እውነት መናገሩ አይለወጥም። ርቀቱም ቢሆን ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። 1,277 ሁለቶችን አባዝተን 1 ብንቀንስ 385 አሃዝ ያለው ቁጥር እናገኛለን። ብቸኛ እንዳልሆነ በእርግጥ ይታወቃል፤ አካፋዩ ሁሉ የ2,554 ብዜት ሲደመር 1 እንደሆነና ለ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 እንደሆነም ይታወቃል። ትናንሽ እጩዎች በማሽን ተፈትሸው ወድቀዋል። ከመርሴን ቁጥሮች መካከል ብቸኛ አለመሆኑ ታውቆ አንድም አካፋይ ያልተገኘለት ትንሹ ይኸው ነው፤ 2⁶⁷ − 1 በ1876 እና በ1903 መካከል በነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ እሱ አለ።